መጽሐፍ ሲመረቅ፤ የንባብ በዓልና የመጽሐፍ ገበያ በምሥራቅ አዲስ አበባ

በአገራችን አዲስ መጽሐፍ ለሕዝብ ሲቀርብ «ተመረቀ» ይባላል። ቃሉ ከመጽሐፍ በፊት የብዙ ነገር መጠሪያ ነበር። ትምህርቱን የፈጸመ ተማሪ ይመረቃል፤ ግንባታው ያለቀ ቤት ይመረቃል፤ ልጅም በወላጆቹ አንደበት ይመረቃል። የቃሉ ፍሬ ነገር በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ የተጀመረው ተፈጽሟል፣ የተፈጸመውም ደግ ቃል ተነግሮለት ወደ ሥራው ይሂድ ማለት ነው። እንግዲህ ደራስያንና አንባብያን በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው አንድን መጽሐፍ ሲመርቁ፣ ልብ ባይሉትም እንኳ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ መጽሐፉ ከምረቃው በኋላ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ አንባቢ ነው ወይስ ወደ መጋዘን?

ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ በዓልን ሁለት ገጽታዎች አንድ ላይ ያመጣቸዋል። አንደኛው የባህል ገጽታው ነው፤ ሰዎች በአደባባይ ተሰብስበው ንባብን የሚያከብሩበት፣ ደራሲንና አንባቢን ፊት ለፊት የሚያገናኙበት። ሁለተኛው የንግድ ገጽታው ነው፤ መጽሐፍ በዋጋ የሚሸጥበት፣ አሳታሚው ወጪውን የሚመልስበት። የባህል ሰው ንግዱን መናቅ፣ ነጋዴውም የባህሉን ሰው በባዶ ቃል መክሰስ ልማዳቸው ሆኖ ቆይቷል። የታሪካችን ምስክርነት ግን ከሁለቱም ይለያል። በአገራችን የንባብ በዓል ያለ ወጪ የተከበረበት ዘመን የለም፤ የተለዋወጠው ወጪውን የሚሸፍነው ወገንና ከበዓሉ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው።

የዳዊት ድግስ

ከማተሚያ መኪና በፊት በነበረው ዘመን የንባብ በዓል በየቤቱ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ልጁ ፊደሉን ለይቶ፣ በየደረጃው ንባቡን ተለማምዶ፣ በመጨረሻም 150ውን መዝሙር አንብቦ ሲጨርስ «ዳዊት ደገመ» ይባልለታል። ያን ጊዜ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ጠላ ጠምቀው፣ ምግብ አዘጋጅተው፣ ጎረቤትና ዘመድ ጠርተው ድግስ ይደግሳሉ። ለመምህሩም ስጦታ ይሰጣል። ልጁ ከእንግዲህ ንባብ የሚያውቅ ሰው መሆኑ በሰፈር ፊት ይታወጅለታል። ይህ በእርግጥ የሁሉም ልጅ ዕድል አልነበረም፤ ብዙ ወንዶች ልጆች፣ ከሴቶች ልጆች ደግሞ እጅግ የሚበዙት ከዚህ ሥርዓት ውጭ ቀርተዋል። ቢሆንም በዓሉ አንድ ነገር ያስተምራል፤ የሚከበረው መጽሐፉ ሳይሆን ያነበበው ልጅ ነበር።

የንግዱም ገጽታ በዚያው ዘመን ነበረ። የብራና መጽሐፍ ከበግና ከፍየል ቆዳ የሚዘጋጅ በመሆኑ አንድ ከፍ ያለ መጽሐፍ የብዙ እንስሳትን ቆዳ ይጠይቅ ነበር። ብራና ፋቂው፣ ቀለም በጥባጩ፣ ቁም ጸሐፊው፣ ሥዕል ሣዩ፣ ደጓሹ ሁሉም ድካማቸው ዋጋ አለው። ስለዚህ መጽሐፍ የሚያጽፍ ሰው ባለጸጋ፣ መኰንን ወይም ደብር ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ዳር የሚገኘው ማስታወሻም ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ያስጻፈው ሰው ማን እንደሆነና መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ መሆኑን። ግዝቱ የሃይማኖት ቃል ነው፤ የሚጠብቀው ግን ብዙ ሀብት የፈሰሰበትን ንብረት ጭምር ነው። በአንድ ዳር ላይ ጸሎትና የንብረት ጥበቃ ጎን ለጎን መቆማቸው አባቶቻችን መጽሐፍ ዋጋ የሚያወጣ ነገር መሆኑን ለመናገር ያላፈሩ እንደነበር ያሳያል።

ከማተሚያ ቤት እስከ ራዲዮ

የማተሚያ መኪና መስፋፋት ይህን ሁኔታ ለወጠው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በአገሪቱ የሚገኙትን መጻሕፍት ቆጥረው ዝርዝራቸውን አሳተሙ። ይህ ሥራ ከባህልም ከንግድም አንጻር ሊታይ የሚገባው ነው፤ አንባቢ ምን ምን መጽሐፍ እንዳለ ሳያውቅ ሊፈልግ አይችልምና። በኋላም የጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት ባለቤት ሆነው ሲሠሩ፣ ደራሲው ራሱ አሳታሚ የሚሆንበት፣ እስከ ዛሬም በአገራችን ያልጠፋው ልማድ በእሳቸው ሕይወት ታየ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ስሙን የተጋራው ጋዜጣም ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ሕዝብ ወመዘክር ብሎ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከዚህ ወዲያ የመጽሐፍ ክብር ከየቤቱ ድግስ ወጥቶ በመንግሥት አደባባይ ቆመ።

የንባብ በዓል ግን ሁልጊዜ ሰንደቅና ንግግር ያለው አይደለም። ከአገራችን የንባብ በዓላት ሁሉ ትልቁ አዳራሽ ያልነበረው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው የራዲዮ ዝግጅት ሲተርከው፣ መጽሐፉን የመግዛት አቅም የሌለው፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር ራዲዮኑን ከቦ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ንባብ ዳግመኛ የጋራ ሥራ ሆነ። ለመጽሐፉ ገበያም ጉዳት አላመጣም፤ የሰማ ሰው መጽሐፉን ለማየት ይሻልና።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ የንባብን በዓል ከከተማ አውጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ አደረሰው። ትምህርቱ እየተስፋፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በቀጣዩም ዓመት ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ። በዕድሜ የገፉ ገበሬዎችና እናቶች ስማቸውን ጽፈው የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ የታየው ደስታ የዳዊቱን ድግስ የሚያስታውስ ነበር፤ እዚህም የተከበረው ያነበበው ሰው ነውና።

ዳሩ ግን በዓሉን የሚከፍል ሁሉ በበዓሉ ላይ ሥልጣን አለው። በዚያው ዘመን የመንግሥት የሆነው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ብዙ ልብ ወለዶችንና ትርጉሞችን ሕዝብ በሚችለው ዋጋ አቅርቧል፤ በሞስኮ የታተሙ የአማርኛ ትርጉሞችም በርካሽ ይሸጡ ነበር። ይሁን እንጂ በ1975 ዓ.ም. ይኸው ኩራዝ ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ተነበበ። ማንበብን ያስተማረ መንግሥት የሚነበበውን መርጦ ለመስጠት ሲሞክር አንባቢው በራሱ መንገድ ሄደ። ለዚህ ንባብ በዓል አልተደረገለትም፤ ከብዙ በዓላት ይልቅ ግን የመጽሐፍን ኃይል አሳይቷል።

ገበያው ብቻውን ሲቀር

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራ ቀረ። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ወጣ። ደራሲው ከሳንሱር ተገላገለ፤ የመጻሕፍት ብዛትና ዓይነትም ጨመረ። በአንጻሩ የኩራዝ ዓይነቱ ድጋፍ ተዳከመ፤ ደራሲው ከገበያው ጋር ብቻውን ተፋጠጠ።

ዛሬ የብዙው ደራሲ ጉዞ እንዲህ ነው። ረቂቁን ከጨረሰ በኋላ ገንዘብ ተበድሮ ወይም ጥሪቱን አሟጦ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል። የታተመውን ለአከፋፋይ ያስረክባል፤ አከፋፋዩም ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻውን ቀንሶ፣ ብዙ ጊዜም በዱቤ ይወስዳል። ከዚያ መጽሐፉ ወደ መደብሮች ይሄዳል፤ ከመደብር ቀጥሎም በክንዳቸው ላይ መጻሕፍት ደርድረው ከካፌ ካፌ ወደሚዞሩት አዟሪዎች እጅ ይገባል። በለገሐር፣ በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ ለረጅም ዘመን የቆየው የመጽሐፍ ንግድ በእነዚህ ሰዎች ትከሻ የቆመ ነው። የመግዛት አቅም ላልነበረው ተማሪም በየሰፈሩ ሱቅ መጽሐፍ በኪራይ የሚሰጥበት ዘመን ነበረ፤ በጥቂት ሳንቲም አንድ ልብ ወለድ አንድ ቀን ታድሮበት ይመለስ ነበር።

የምረቃ ሥነ ሥርዓቱም የተስፋፋው ከዚህ ችግር ጋር ተያይዞ ነው። በቴአትር ቤቶችና በሆቴል አዳራሾች በሚደረገው ምረቃ ምሁሩ የመጽሐፉን ዳሰሳ ያቀርባል፤ ገጣሚው ከዋሽንትና ከክራር ጋር ያነባል፤ በመጨረሻ ደራሲው ጠረጴዛ ይዞ ይፈርማል። አንዳንድ ጊዜም የመጀመሪያው ቅጂ በጨረታ ይቀርብና ወዳጅ ከሽፋን ዋጋው እጅግ በላቀ ገንዘብ ያነሣዋል። ይህን እንደ ልመና የሚቆጥሩት አሉ። እኛ ግን በዕቁብና በደቦ የሚኖር ኅብረተሰብ ለደራሲው ያበጀው ዘዴ ነው እንላለን። የማተሚያ ቤቱ ዕዳ የሚቃለለው በዚያ ምሽት ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ በጨረታ መጽሐፉን ያነሣው ሁሉ አንባቢ ላይሆን ይችላል።

ከ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በኋላ ደግሞ «ንባብ ለሕይወት» የተሰኘው የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ በመስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘው የኤግዚቢሽን ማዕከል ተካሄደ። አሳታሚዎችና መጽሐፍ ሻጮች በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ፤ ውይይትና የሕፃናት ዝግጅት ታከለበት። በራስ ሆቴል በየወሩ ሲቀርብ የቆየው «ጦቢያ ግጥም በጃዝ»ም ሰው ግጥም ለመስማት የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ እንደሚመጣ አስመሰከረ። እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ አንባቢ የለም የሚለው አቤቱታ ሙሉ እውነት አይደለም።

አዳራሹና ቤቱ

አሁን ወደ ከተማው ምሥራቅ እንዙር። ቦሌ ስሟ የገነነው የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከልደታ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ነው። መንገዱ ለአፍሪካ መሪዎች መቀበያ ሆነ፤ ስሙም የአፍሪካ ጎዳና ተባለ። ኋላም ሆቴሎች፣ የገበያ ማዕከላትና ሲኒማ ቤቶች ተከተሉ። የመጽሐፍ ንግድ ግን ከአሮጌው መሐል ከተማ ዘግይቶ ነው ወደ ምሥራቅ የመጣው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአያት፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ፈለሰ። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የተባለ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ መቋቋሙ ራሱ የዚህን ዕድገት መጠን ያሳያል።

በዚህ አካባቢ ለመጽሐፍ በዓል ታሪክ ሁለት ሥፍራዎች በንጽጽር ሊታዩ ይገባል።

አንደኛው በቦሌ የሚገኘው ሚሌኒየም አዳራሽ ነው። አዳራሹ የተሠራው በ2000 ዓ.ም. የተከበረውን የሚሌኒየም በዓል ምክንያት በማድረግ ነው። ከዚያም ወዲህ የሙዚቃ ድግስ፣ የዓመት በዓል ባዛርና የንግድ ትርዒት ተካሂዶበታል። ከዚህ ጎን የጎረቤታችንን የግብፅን ታሪክ እናስቀምጥ። የካይሮ ከተማ የተመሠረተችበት ሺኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከበር የግብፅ መንግሥት ለበዓሉ ማስታወሻ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የካይሮ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርእይ ነው። ያ ዐውደ ርእይ ከዓረቡ ዓለም ታላላቅ የመጻሕፍት ገበያዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ሁለቱም አገሮች ሺህ ዓመትን አከበሩ፤ አንደኛው ለእንግዳ መሰብሰቢያ ቤት ሠራ፣ ሌላው በየዓመቱ የሚመለስ የመጽሐፍ በዓል ተከለ። አዳራሹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጣሪያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጣሪያው የቀን መቁጠሪያ የለውም። በየዓመቱ ቀኑ የታወቀ፣ አሳታሚው አስቀድሞ የሚሰናዳለት፣ ወላጅ ለልጁ ገንዘብ የሚያስቀምጥለት የመጽሐፍ በዓል የሌለው ከተማ ማንኛውንም ዐውደ ርእይ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሁለተኛው ሥፍራ በስፋቱ ከአዳራሹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሾላ ገበያ አካባቢ በ1995 ዓ.ም. የተከፈተው የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ነው። መሥራቹ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሠርተዋል። በዚያ ሥራቸው ለኢትዮጵያውያን ሕፃናት በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ አለመኖሩን ተመልክተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በስጦታ ያገኟቸውንም 15,000 መጻሕፍት ይዘው በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ለሰፈር ልጆች በር ከፈቱ። «ኢትዮጵያ ሪድስ» በሚል ስም የታወቀው ድርጅት የሕፃናት የመጽሐፍ ሳምንት አዘጋጀ፤ ለሕፃናት ደራስያንም «ወርቃማ ኩራዝ» የተባለ ሽልማት ሰጠ፤ በአዋሳም አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት በየመንደሩ እንዲዞር አደረገ። መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከመረጣቸው የዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ ሆኑ።

የሾላው ታሪክ ቁም ነገር የመጣው ከየት ነው ቢባል፣ ከበዓሉና ከቤቱ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነበረ፤ ሳምንቱ የተከበረው በቤቱ ውስጥ በየዕለቱ የሚሆነውን ለማክበር ነው። በዚያ ሳምንት መጽሐፍ የወደደ ልጅ በሚቀጥለው ሰኞ የሚሄድበት ነበረው። በአዳራሽ ዐውደ ርእይ መጽሐፍ የወደደ የአያት ወይም የአራብሳ ልጅስ በሚቀጥለው ሰኞ ወዴት ይሄዳል? በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለከተማው ትልቅ ጸጋ ነው። ይሁን እንጂ በየካ አባዶ ለሚኖር የአሥር ዓመት ልጅ አራት ኪሎ ሩቅ ነው፤ የትራንስፖርቱም ገንዘብ የወላጁ ነው።

ጽጌረዳና መጽሐፍ

ንግድን ከበዓል ማራቅ መፍትሔ የሚመስላቸው ካሉ የዓለም የመጽሐፍ ቀንን ታሪክ ይመልከቱ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 የወሰነው፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ቀን የሚውለው ይህ በዓል መነሻው የስፔን አገር ካታሎኒያ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመነጨው አሳታሚ ነበር፤ ዓላማውም መጽሐፍ እንዲሸጥ ነው። በኋላ ቀኑ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ጋር ገጠመ። በዚያ ዕለት ጽጌረዳ መሰጣጠት የሕዝቡ የቆየ ልማድ ነበርና ጽጌረዳና መጽሐፍ ጎን ለጎን ሆኑ። ዛሬ በባርሴሎና ጎዳናዎች መጽሐፍ ሻጩም፣ ደራሲውም፣ ፍቅረኞችም በአንድ ቀን ይወጣሉ። የሻጭ ዘዴ የሕዝብ በዓል ሊሆን የቻለው ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያከብረው ቀን ላይ ስለተተከለ ነው።

እኛም ዘንድ ሰው በሚሰበሰብበትና ስጦታ በሚሰጥበት ቀን ድህነት የለብንም። እንቁጣጣሽ አለ፤ የትምህርት ዘመን መክፈቻም በዚያው ሰሞን ነው። ደብተርና እርሳስ የሚገዛ ወላጅ አንድ መጽሐፍ ቢጨምር ልማዱ ባዕድ አይሆንበትም። ችግሩ ዋጋው ነው። መጽሐፍ የሚታተምበት ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ለውጥ ከወረቀት ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ሽፋን ዋጋ፣ ከሽፋን ዋጋ ወደ አንባቢው ኪስ ይወርዳል። ዐውደ ርእይ ላይ የሚደረገው ቅናሽ ለጥቂት ቀን ያስታግሣል፤ ለዓመቱ ግን አይበቃም። የጋራ መጽሐፍ፣ ማለትም አንድ ቅጂ ለብዙ ዓይን የሚደርስበት ቤት፣ ከምን ጊዜውም ይልቅ አሁን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በቤተ መጻሕፍት ማንበብ የለመደ ልጅ ዐድጎ ገዢ ስለሚሆን፣ ለነጋዴውም ቢሆን ይህ ኪሳራ አይደለም።

ለዚህ የሚሆን ቤት ከባዶ መሬት መሥራት ላያስፈልግ ይችላል። በምሥራቁ ክፍል በተሠሩት የጋራ መኖሪያ መንደሮች በየግቢው የጋራ መገልገያ ቤት አለ። በበዓል ቀን ይታረድበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል፤ ሐዘንተኛ ይቀመጥበታል፤ ሠርግ ይደገስበታል። ከዚህ ቤት አንዲት ክፍል ለመደርደሪያና ለአግዳሚ ወንበር ብትሰጥ፣ የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጁ ድርጅቶችም በየዓመቱ ከሚሰበስቡት የቦታ ኪራይ ጥቂቱን ለአንድ መንደር መጻሕፍት መግዣ ቢያውሉ፣ በዓሉ በተዘጋ ማግስት የሚከፈት በር ይኖረዋል። አሳታሚው መጻሕፍቱን ሸጧል፤ ደራሲው ድርሻውን አግኝቷል፤ ልጁም የሚሄድበት አለው።

በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ይፈላ፤ ቆሎም ይቅረብ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሥርዓቱም የአያቶቻችን ነው። በዚያ ቀን የሚመረቀው አንባቢው ይሆናል።